አረንጓዴ ሰደርያ፣ ሰማያዊ ሰደርያ

ስልክ ላይ «እባክዎ መስመሩ ላይ ይቆዩ» ብለው የሚለቁት ፒያኖ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። ሌላው ሰው ከኮሮና ጊዜ የሚያስታውሰው ማስኩንና ሳኒታይዘሩን ነው። እኔ ፒያኖውን ነው።

ነገሩ የጀመረው ሌባ የመንገዳችንን የስልክ ሽቦ ቆፍሮ የወሰደ ዕለት ነው። ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር የተከራየነው ቤት አሮጌ ነው፤ ኢንተርኔቱም እንደ ቤቱ አሮጌ፣ በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ነበር። ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ ሰው በፖሊስ በሚያዝበት ጊዜ፣ አንድ ሙሉ መንገድ ተቆፍሮ ሽቦ ሲጎተት ያየ ሰው አልተገኘም። ጠዋት ስንነሳ ጉድጓድ አለ፣ ኢንተርኔት የለም።

ለእኔ ቢሆን ግድ የለም። የምሠራበት የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ቤት አስቀምጦኝ በቀን ሁለት ኢሜይል ነበር የምመልሰው። ጣጣው የባለቤቴ ነው። እሷ አዲስ አበባ ፋርማሲስት ነበረች፤ እዚህ ከመጣን ጀምሮ ግን አንድ መድኃኒት ቤት ካሸር ናት። መድኃኒቱን ሁሉ ከነጉዳቱ በቃሏ እያወቀች፣ እንድትናገር የሚፈቀድላት «ፌስታል ይፈልጋሉ?» ብቻ ነው። የሙያ ፈቃድ ለማግኘት ስትመላለስ አራት ዓመት ሞላት፤ የቃል ፈተና ብቻ ሲቀራት በሽታው መጣና ቢሮው ተዘጋ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደብዳቤ ደረሳት። ፈተናው በቪዲዮ ነው፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ከታች በደማቁ ደግሞ፣ መስመሩ ከተቋረጠ ፈተናው ይሰረዛል፣ ተፈታኙ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል ይላል።

አንብባልኝ ስትጨርስ፣ «እኔ ላጥና፤ ኢንተርኔቱ ያንተ ነው» አለችኝ።

«ለእኔ ተይው» አልኳት። ቤት ከተቆለፈብን ጀምሮ ከሽንኩርት መላጥ በላይ ኃላፊነት የሰጠኝ ሰው ስላልነበረ ደረቴ ተነፋ።

ወዲያው አንድ ደብተር አወጣሁና አሰመርኩ። ፍጥነት፣ የውሉ ዘመን፣ ዝናብ ሲመጣ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ቴሌቪዥን አለው የለውም። ሲም ካርድ የሚገባባት ትንሽ ራውተር አለች፤ የቆርቆሮ ቤት ዕቃ ነች ብዬ በመጀመሪያው ቀን ሰረዝኳት። ዲሽ አለ፤ እሱ ለቴሌቪዥን እንጂ ለፈተና አይሆንም። የቀረው ፋይበር ነው፤ በኛ መንገድ ፋይበር እንሸጣለን የሚሉ ስምንት ኩባንያዎች ነበሩ። ስምንቱም ጋ ደወልኩ። እያንዳንዱ ሻጭ ሌሎቹን ሰባቱን ሌቦች ይላቸዋል። አንዷ «ያልተገደበ ነው» አለችኝ። ያልተገደበ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት፣ «እስከ ገደቡ ድረስ እንደፈለጉ መጠቀም ይችላሉ ጌታዬ» አለች፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ።

ወሬው ደግሞ ሮጠ። ከከተማው ውጭ ከቮስሎሩስ ድረስ «ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል?» እያሉ የሚደውሉልኝ ያገሬ ልጆች ባለሱቆች ነበሩ። ደብተሬን ገልጬ፣ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ሐኪም «መብራት በቀን ስንት ጊዜ ይጠፋባችኋል?» እያልኩ እመረምር ነበር። ያሳፍራል።

የበለጠ የሚያሳፍረው ቀጥሎ ያለው ነው። አንደኛው ኩባንያ፣ ቀለሙ አረንጓዴ ነበርና አረንጓዴው ልበለው፣ ከፋይበሩ ጋር የእንግሊዝ ኳስ የሚያሳይ ዲኮደር በነፃ ይሰጥ ነበር። ለአረንጓዴው ከአሥር ዘጠኝ ሰጠሁት። ምክንያት በሚለው ረድፍ «አስተማማኝ» ብዬ ጻፍኩ።

«እሱ በምን በለጠ?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ገመዱ ወፍራም ነው።»

ፋይበር ከፀጉር እንደሚቀጥን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። እሷ ግን አየት አደረገችኝና ወደ ጥናቷ ተመለሰች።

አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ ቴክኒሻን መጥቶ ግድግዳ በሳ፣ አቧራውን ምንጣፋችን ላይ ትቶ ሄደ። በዚያው ቅዳሜ ሰው በሌለበት ስታዲየም፣ በቴፕ ጩኸት የታጀበ ኳስ አየሁ። ሦስት ቀን ጌታ ነበርኩ። በአራተኛው ቀን የጆበርግ የከሰዓት ዝናብ ወረደና የሳጥኑ መብራት ቀይ ሆነ። በማግስቱም ዘነበ፣ ቀይ ሆነ። ክረምቱ ገና መጀመሩ ነው፤ የሚዘንበው ሁልጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው።

ደወልኩ። ፒያኖ። «ራውተሩን አጥፍተው አብርተውታል?» አብርቻለሁ። «እንደገና ያጥፉት።» ፒያኖ። በየቀኑ አዲስ ሰው ያነሳል፣ በየቀኑ ታሪኬን ከሌባው ጀምሬ እናገራለሁ። አንዱን የቤተሰቡን ደህንነት ሳይቀር ጠየቅኩት፤ በመሃል ተዛምደን ነበር። እሱም አስጠፋኝ፣ አስበራኝ።

በስተመጨረሻ ተናድጄ ወደ ሌላው፣ ቀለሙ ሰማያዊ ወደሆነው ኩባንያ ዞርኩ። የሰማያዊው ሻጭ «የኛን ፋይበር ዝናብ አይነካውም» ብሎ ማለልኝ። ፈተናው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ቴክኒሻናቸው መጣ፤ በሩን ስከፍት ሰማያዊ ሰደርያ፣ አፍንጫው ሥር የወረደ ማስክ፣ ያው ሰውዬ።

«አንተ አይደለህም እንዴ የአረንጓዴው?»

«ነኝ፤ ዛሬ ሰማያዊ ነኝ ባባ» አለኝ እየሳቀ። የመኪናውን ኋላ ከፍቶ አሳየኝ። ሰደርያዎቹ እንደ ልብስ ቤት በየቀለማቸው ታጥፈው ተደርድረዋል። ቆጠርኳቸው። ስምንት።

«ገመዱስ?»

«ገመዱ አንድ ነው። የሌላ ድርጅት ነው፤ ስምንቱም ከሱ ተከራይተው ነው የሚሸጡልዎት።»

«ዝናቡስ?»

ወደ መንገዱ ጥግ ወሰደኝና መሬት ውስጥ የተቀበረ ሳጥን ክዳን አነሳ። ጥቁር ውሃ ሞልቶታል። የዳቦ ላስቲክ ይንሳፈፋል፣ አንዲት የሞተች አይጥ አብጣ ተኝታለች፣ በአጠገቧ የኔ ገመድ ያልፋል። አንድ ወር ሙሉ በየረድፉ ነጥብ ስሰጠው የነበረው ነገር ይሄ ነው።

«አስጠግንልኝ እንግዲህ!»

«ኤይሽ፣ ባባ! ይሄን የሚጠግነው የገመዱ ባለቤት ነው። እነሱ ከሰው ስልክ አይቀበሉም፤ ኩባንያዎ ነው የሚያመለክተው። ኩባንያዎ ደግሞ እኔ ሪፖርት ካላደረግኩ አያመለክትም። እኔ ሪፖርት የማደርገው ቤት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ቤትዎ ውስጥ ደግሞ ምንም ችግር የለም።» ክዳኑን መለሰው። «ሻርፕ?» አለኝ፤ ተግባባን ወይ ማለቱ ነው።

ምኑ ነው ሻርፕ! ክዳኑን አንስቼ ራሴ ላይ ብደፋው ደስ ይለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ በወረቀቶቿ ተከባ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ አይጧን፣ ስምንቱን ሰደርያ፣ ዲኮደሩንም ጭምር። አራት ዓመት የለፋችበትን በኳስ ሸጥኩት ብዬ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«እኔ የምፈተነው ሱቁ ውስጥ ነው።»

«የቱ ሱቅ?»

«ከኛ ዝቅ ብሎ ያለው፣ የሆሳዕናው ልጅ ሱቅ። መብራት የሚሞሉበትን ካርድ የሚሸጥባት ራውተር አለችው፣ ሲም የሚገባባት። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሞክሬያታለሁ። ሲዘንብም፣ ሎድ ሼዲንግ ሆኖ መብራት ሲጠፋም ትሠራለች።»

በመጀመሪያው ቀን የሰረዝኳት።

«መቼ ነው የሞከርሽው?»

«ገመዱ ወፍራም ነው ካልከኝ ሳምንት ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

ወረቀቷን ገለበጠች። «ከተቆለፈብን ጀምሮ ደስ ብሎህ ያየሁህ በዚያ ደብተር ነው። እሱን ልቀማህ?»

ሽንኩርቱን ልልጥ ሄድኩ።

የፈተናው ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የሱቁ መጋዘን ውስጥ በበቆሎ ዱቄት ጆንያዎች ላይ የአልጋ አንሶላችንን አንጠልጥለን ነጭ ግድግዳ አበጀን። ባለሱቁ ማቀዝቀዣው ድምፅ እንዳያሰማ ነቀለው። «ጋሼ፣ አንተ ደጅ ሁን፤ ሰው እንዳይጮህ» አለኝና በብረት ፍርግርጉ በኩል እያየኝ ቆመ። ስለዚህ የእኔ የቴክኖሎጂ አስተዋጽኦ ዘበኝነት ሆነ።

ደንበኞቹ አንድ አንድ እርምጃ ተራርቀው ተሰልፈዋል። አንዱ «ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!» ብሎ ሲጮህ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ከፊት የቆሙ አሮጊት ደንገጥ ብለው፣ «ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም ጎጎ። ሚስቴ ፈተና ላይ ናት።»

ዘወር ብለው በዙሉ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ። ሰልፉ በሙሉ ጸጥ አለ። ዝናቡ ጀመረ። ማንም አልተነቃነቀም።

በዚህ መሃል ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ሰማያዊው ኩባንያ ነው። «አገልግሎታችንን ከአሥር ስንት ይሰጡታል ጌታዬ?»

«ዜሮ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ዜሮ የለም ጌታዬ፣ ከአንድ ነው የሚጀምረው። ድምፅዎ በጣም ርቋል፤ መስመርዎ ችግር አለበት እንዴ?»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የመጮህ አምሮት ኖሮኝ አያውቅም። ጎጎዋ ፊቴን አይተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ዘጋሁት።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ባለቤቴ ወጣች። ግንባሯ ላይ የዱቄት ብናኝ አለ። መስመሩ አንዴም አልተቋረጠም። አንሶላው ያልሸፈነው አንድ ዘለላ አስፕሪን ያለበት የራስ ምታት ዱቄት መድኃኒት ከጀርባዋ ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ ፈታኞቹ እሱን አይተው፣ «ይሄን ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ትሸጪለታለሽ?» አሏት። የማትሸጥለት ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጋ ነግራቸዋለች፤ ስትወጣ ባለሱቁንም ነገረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገዢውን ሁሉ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» እያለ ማስጨነቅ ጀመረ።

ውጤቱ ከሰባት ሳምንት በኋላ መጣ፤ አለፈች። እኔ እስከዚያ ድረስ ከአረንጓዴውም ከሰማያዊውም ጋር ውሌን ለማፍረስ ፒያኖ እየሰማሁ ነበር።

ነጭ ጋውን ለብሳ ሥራ የጀመረች ቀን መድኃኒት ቤቷ ሄጄ እንደ ማንኛውም ሰው ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ በመስታወቱ በኩል ቀና አለች።

«ምን ልርዳዎት ጌታዬ?»

«ያቅለሸልሸኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአረንጓዴው ጀምሮ።»

በማስኳ ውስጥ እየሳቀች እንደሆነ ከዓይኗ አየሁ። «ለሱ መድኃኒት የለንም» አለችኝ። «ዞር በል፣ ሰው ከኋላህ እየጠበቀ ነው።»