ጫልቱ እጇን አውርዳ ነበር

የማስተምርበት ክፍል ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ ቆማለች። ሲንቄ ናት፤ የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት። ተማሪዎቼ ሊነኳት ይሻማሉ፤ እኔ ግን የግብረገብ ትምህርት ባለ ቀን ሁሉ ላነሳት ስል አመነታለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለን፣ እዚሁ አሰላ፣ ቲቸር አስናቀች ጎረቤታቸውን አዴ ሞሚናን ከነሲንቄያቸው ክፍል ይዘዋቸው መጡ። ዝናብ ነበር፤ ክፍሉ የእርጥብ ሹራብና የየኪሳችን ቆሎ ሽታ ነበረው። አዴ ሞሚና ዘንጓን ከፍ አድርገው፣ "ይቺ መሀል ከገባች ደም የተቃባም ይቆማል፤ ያላከበራት ሰላም አያገኝም" አሉን። ቲቸርም በዓይናችን እንድናይ ብለው ሁለት ልጆች የውሸት እንዲጣሉ ጠሩ። እኔንና ጫልቱን።

ቲቸር ምን ያውቃሉ! ከጫልቱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ደብተር ሰብስቦ ቢሮ የማድረስ ሥራዬን ቲቸር ለእሷ ሰጥተውብኝ ነበር። ቅናት አንቆኛል። ተገፋፋን፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አዴ ሞሚና ሲንቄያቸውን መሀላችን ዘረጉ። ጫልቱ ወዲያው እጇን አውርዳ አንገቷን ደፋች፤ ከቤቷ የተማረችው ነው። እኔ ማውረዷን አየሁ። አይቼ ነው ግራ ጆሮዋን ባለ በሌለ ኃይሌ በጥፊ ያጮልኳት።

ልጆቹ የጨዋታው ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ቲቸር ሲቆጡኝ ጫልቱ እንባዋን እየዋጠች፣ "ሳታውቅ ነው ቲቸር" አለች። አዴ ሞሚና ብቻ ጠጋ ብለው በቀስታ፣ "ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ እሷ እኮ እጇን አውርዳ ነበር" አሉኝ። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። ያ የመታሁት ጆሮዋ ለሳምንታት መግል ሲያፈስ ከረመ፤ ከዚያ በኋላ ጫልቱ የፊት ዴስክ ላይ፣ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ቲቸር አዙራ ትቀመጥ ጀመር። እኔም እሷ በዋሸችልኝ ውሸት ተሸሽጌ አደግሁ።

ዛሬ ለትምህርቱ ብዬ ሁለት ልጆች የውሸት ሳጣላ፣ ዘንጓ መሀል ስትገባ ሁለቱም እጃቸውን ያወርዳሉ። ደግ ልጆች ናቸው፤ ያኔ እኔ ከነበርኩት ይሻላሉ። በዚያች ቅጽበት ግን ከኋላዬ የአዴ ሞሚና ድምፅ ይሰማኛል፤ ዞር ስል ሰው የለም።

ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ጫልቱ መጣች፤ ልጇ እኔ ጋ ነው የምትማረው። "ልጄ ስለ ሲንቄዋ ስታወራልኝ ነው የሰነበተችው፤ ጎሽ፣ አስተምሪያቸው" አለችኝ እየሳቀች። ወደ በሩ ስሸኛት በግራዋ በኩል ነበርኩ። የስንት ዓመት ቃሌን አወጣሁት። "አውቄ ነው የመታሁሽ፤ ይቅር በይኝ።"

ቆም አለች። "ምን አልሽኝ?" ብላ ደህናውን ጆሮዋን አዞረችልኝ።

"ልጅሽ ጎበዝ ናት" አልኳት።