ግራኙ ኳስ ወርዋሪ

ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ፈረንጅ በግራ እጁ ኳስ ሲወረውር አየሁና ያደግሁበት የጎንደር መንደር ኮሶዬ ትዝ አለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ጎንደር የሚያስተምር አንድ አሜሪካዊ ቤታችን በእንግድነት መጣ። አገሩ ሳለ ኳስ በመወርወር ይተዳደር እንደነበር አጫወተን። አባቴ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ፣ «ኳስ ወርውሮ የሚበላ ሰው ታውቂያለሽ? ሰላይ ነው» አላት።

ወዲያው አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሳችን ውስጥ ገባ። ፈረንጁ ድንጋይ አንስቶ በግራው ሲወረውር ከሩቅ ጀርባውን አገኘው። እኛ ልጆች በደስታ ጮኽን።

አባቴ ግን አማተበ። «ምን አልኩሽ! ግራኝ ነው!»

ከዚያ ፈረንጁን ተወና ወደ እኔ ዞረ። እንጀራ እንዳልቆርስበት በእናቴ መቀነት የታሰረውን ግራ እጄን ትክ ብሎ አየው፤ ቋጠሮውንም አጠበቀው።

ሻዬ ሲመጣ ዙሪያዬን ገልመጥ ገልመጥ አድርጌ በቀኜ አነሳሁት።