ተነስቶ ያልተነሳው ዋልያ

የልጅቱ አባት ለላክኋቸው ሽማግሌዎች የሰጡት መልስ አጭር ነበር። «ፎቶ አንሺ ነው አላችሁኝ? ቁጭ ብሎ የሚጠብቀውን ሰውማ ማንም ያነሳል። ዋልያ አንስቶ ያምጣና እንነጋገራለን።» ሰውዬው ወጣትነታቸውን በጃናሞራ ገደሎች ሲያድኑ አሳልፈው አዘዞ የተቀመጡ ናቸው። እኔ አራዳ አንድ ፎቶ ቤት የተቀጠርሁ፣ ከድመት የባሰ አውሬ ቀርቤ የማላውቅ የከተማ ልጅ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ አንድ የመንግሥት ጸሐፊም ልጅቱን ሊጠይቅ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር።

ካሜራውን ከአሠሪዬ ለምኜ እስከ ደባርቅ በጭነት ማኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ሄድሁ። መንገድ የሚመሩኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘሁ። ጉሙ አልገለጥ ብሎ ሰነበተ፤ ጸሐፊው እኔ እዚህ በብርድ ስንዘፈዘፍ አዘዞ ገብቶ ይሆናል እያልሁ ቀን እቆጥር ነበር። አንድ ጧት ጉሙ ተገፈፈና ከአፋፉ ሥር አንድ ትልቅ ወንድ ዋልያ አየን። ተኝቶ ያመሰኳል። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አያ፣ ቀስ ይበሉ» አልሁ በሹክሹክታ። «ላነሳው ነው።»

«ምነው አንተ ትደክማለህ? እኔው አነሳልሃለሁ» ብለው ድንጋይ ለቀቁበት።

ዋልያው ተነሳ። እንዴት ያለ አነሳስ! እኔም ደንግጬ ካሜራውን ደጋግሜ ተጫንሁት። ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ። «ሸጋ አድርጌ አነሳሁልህ አይደል?»

አመሰገንኋቸው። በቀረችኝ ፊልም ሰማይ ላይ የሚያንዣብብ አሞራ አነሳሁና ተመለስሁ።

ጨለማ ክፍል ገብቼ ፊልሙን ሳጥብ ለማላውቀው ታቦት ሁሉ ተሳልሁ። የወጣው ግን ባዶ ቋጥኝ፣ አቧራ፣ የአንድ እንስሳ ቂጥና ድንጋይ የወረወረ እጅ ነው። ላለመሄድ አሰብሁ። አለመሄድ ደግሞ ልጅቱን ለጸሐፊው መልቀቅ ሆነብኝ፤ አዲስ ፊልም ያጎረስሁትን ካሜራ አንግቼ ሄድሁ።

አባትየው ፎቶዎቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርገው አንድ በአንድ አዩ።

«ይኼ ዝንብ ነው?»

«አሞራ ነው፣ ጌታዬ።»

«ይኼስ የማን እጅ ነው?»

«የመሪዬ። ‹ላነሳው ነው› ብላቸው እሳቸው አነሱልኝ።»

«ዋልያውስ?»

«እሱ ተነሳ። እኔ ግን አላነሳሁትም።»

ፊታቸው አልተፈታም። ፎቶዎቹን ሰብስበው መደቡ ላይ አስቀመጡና «በል ተነሳ» አሉኝ።

አለቀልኝ አልሁ። ተነሳሁ፤ እጅ ነስቼ ወደ በሩ አመራሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ ከኋላዬ። ዞሬ ሳይ ጋቢያቸው ውስጥ ሆዳቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለካ ሳቅ አፍነው ኖሯል። «ተነስተህ እኛን አንሳን ማለቴ ነው። እኛ እንኳ አንሸሽም።» ከዚያ ልጃቸውን ከጓዳ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

ያም ፎቶ ተበላሸ፤ እጄ ገና አላረፈም ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከግድግዳው ታወርደውና፣ ከአባቷ ጎን ያለውን ነጭ ጭስ በጣቷ እያሳየች «ይቺ እኔ ነኝ» ትላለች።