ባሌን ወንድሜ ያልኩበት ጨዋታ

እኔ መምህርት፣ ባሌ ተማሪ ነበርን፤ ያውም በአንድ ትምህርት ቤት። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በዚያን ጊዜ ጋምቤላ ውስጥ ብርቅ ነገር አልነበረም። መንግሥት ተለውጦ፣ አገሩ ክልል አሥራ ሁለት ተብሎ፣ ቢሮው ሁሉ አዲስ ወንበርና አዲስ ማኅተም በሚቀበልበት ሰሞን፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ጎልማሶች ያቋረጡትን ትምህርት ለመጨረስ ከሕፃናት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣበው ይቀመጡ ነበር። ባሌም ከእነሱ አንዱ ነው። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ወላጆቹን አቦቦ አካባቢ ትቶ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ፤ በሕይወት ተመለሰና ስምንተኛ ክፍል ገባ። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። በእረፍት ሰዓት መምህራኑ "ባለቤትሽ የቤት ሥራውን አልሠራም፣ ወላጅ አምጣ ብለነዋል፤ ነይና አነጋግሪን" እያሉ ይቀልዱብኛል።

ቀልዱን እችለው ነበር። የማልችለው የባሌን ዝምታ ነው። ቤታችን በእኔ ደመወዝ ነበር የሚተዳደረው። እሱ ይህን አንድ ቀን እንኳ በአፉ አላነሳም፤ ግን ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ትቶ ነበር። ልጃችን ከተወለደ በኋላማ ባሰበት። ሕፃኑን ታቅፎ ቁጭ ይልና በሩን ያያል። ፊቱ የሚፈታው ኳስ ሲያገኝ ብቻ ነው። ኳስ ሲነካ ያ በር ላይ የሚፈዘው ሰው የት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ቀልጣፋ፣ ተንኮለኛ፣ ሳቂታ ይሆናል።

ስለዚህ የክልሉ የወጣት ቡድን ሊቋቋም ነው፣ የሚመረጡት ልጆች በአዲሶቹ ቢሮዎች ተላላኪም ይሁን ዘበኛ ሆነው ይቀጠራሉ የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ከባሌ በላይ የቋመጥኩት እኔ ነኝ። ምርጫው የሚካሄደው በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ነበር። ቡድናችን ለዋንጫ ደረሰ። ከኢታንግ በኩል የመጣ ቡድንም ደረሰ። የቀረው አንድ የአጥቂ ቦታ ነው ተባለ፤ ለዚያም ቦታ ስማቸው የሚነሳው ሁለት ነበሩ፦ ባሌና የኢታንጎቹ ረጅሙ የኑዌር ልጅ። እንቅፋቱ አንድ ብቻ ነው። ውድድሩ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ነበር። ባሌ ደግሞ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ነው።

የስፖርት መምህራችን በዚህ የሚደናገጥ ዓይነት አልነበረም። ከጎጃም መጥቶ ብዙ ዓመት ጋምቤላ የኖረ፣ አኙዋክኛም ኑዌርኛም የሚሰማ ሰው ነው። መሸነፍ አይወድም ማለት ያንሰዋል። ዳማ ሲጫወት ከተሸነፈ ጠጠሩን በትኖ የሚነሳ ሰው ነው። የጨዋታው ዋዜማ ቤታችን መጣና ቆሞ፣ "ነገ ባልሽ ወንድምሽ ነው" አለኝ።

"እንዴት ያለ ወንድም?"

"የእናትሽ ልጅ። ታናሽሽ። ሌላ ምንም አትናገሪ። ሕፃኑን እዘዪው፣ ችግር የለም፤ ያንቺ ልጅ ነው፣ የሱ አይደለም።"

ባሌን አየሁት፤ ጥፍሩን ያያል። ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው የምለው፣ ሳቅሁ። ታናሼ መሆኑ ነው ያሳቀኝ። በማግስቱ ጠዋት ውኃ አሙቄ ሰጠሁትና ጢሙን ተላጨ፤ ደግሞ ተላጨ። አገጩን በመዳፌ ዳስሼ "እዚህ ጋ ቀርቷል" ያልኩት እኔ ነኝ።

የስፖርት መምህሩ በጠዋት ሰልፍ ላይ ተማሪዎቹንም መክሯቸው ነበር። አጥቂያችን የአንደኛ ክፍል መምህርት ወንድም ነው፣ ሰው ቢጠይቃችሁ እንዲህ በሉ አላቸው። የእኔ ተማሪዎች ሰባትና ስምንት ዓመት የሆናቸው ናቸው። ባሌን በደንብ ያውቁታል፤ ቤታችን መጥተው ማንጎ ለቅመዋል፣ ልጃችንን አዝለዋል። ክፍል ስገባ አንዷ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ወንድምሽ ዛሬ ጎል ያገባል?" አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ሐፍረቴ የጀመረው እዚያ ነው፤ በጥቁር ሰሌዳው ፊት፣ ጠመኔ ይዤ። "ያገባል" አልኳትና ፊደል ማስቆጠር ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር ካለው ትልቅ ማንጎ ሥር ኮሚቴው ጠረጴዛና ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። የኢታንጎቹ በጭነት መኪና እየዘፈኑ ገቡ። ረጅሙ ልጅ ከመኪናው ሲዘል አየሁት። ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሳቡ ስድስት መስመሮች አሉ፤ ጠባሳው ገና አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል። ከግንባሩ በታች ያለው ፊት ግን የሕፃን ፊት ነው። ጉንጩ ላይ አንድ ፀጉር የለም። እናቱም አብራ መጥታለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ያሰረች ሴት። ልጇ ሲጫወት ልታይ ነው የመጣችው።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የስፖርት መምህራችን ወደ ኮሚቴው ሄዶ ክስ አቀረበ። ይህ ልጅ አይደለም፣ ምልክት ያለው ሙሉ ሰው ነው አለ። የኢታንጎቹ መምህር ሮጦ መጣ። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ምልክቱ የተቀረጸለት ባለፈው በጋ ነው፣ በእኛ ዘንድ በዚህ ዕድሜ ይደረጋል እያለ አስረዳ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከመሀል አገር በቅርብ የተመደበ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ለማንም መጥፎ የማያስብ የሚመስል ሰው ነበር። ግራ ገባው። ያኔ የስፖርት መምህራችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለምን ራሱን አይጠይቁትም? ልጅ ነህ ወይ ብለው ብቻ ይጠይቁት" አለ።

የዚያን ጥያቄ ተንኮል ሰብሳቢው አላወቀም። እኔ አውቄዋለሁ፤ ከተማሪዎቼ ወላጆች ጋር ስኖር የተማርኩት ነገር ነው። ምልክቱ የወጣለት የኑዌር ወንድ ከእንግዲህ ልጅ አይባልም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ላም አያልብም፣ የልጅ ሥራ አይሠራም። ደሙ ሲፈስ ያላለቀሰው ልጅ ላለመባል ነው። አብረውት የተቀረጹት ጓደኞቹ ደግሞ ማሊያ ለብሰው ከጀርባው ቆመዋል።

"አንተ፣ ልጅ ነህ?" አለው ሰብሳቢው።

የኢታንጎቹ መምህር በኑዌርኛ ቶሎ ቶሎ ያንሾካሹክለታል፤ ልጅ ነኝ በል እያለ እንደሚለምነው ለማወቅ ቋንቋውን መስማት አያስፈልግም ነበር። ልጁ ጓደኞቹን አየ። እናቱን አየ። ኳሱንም አየ፤ እሱን ሲያይ ዓይኑ ውኃ ሞላ።

"አይደለሁም" አለ። "ሰው ነኝ።"

መምህሩ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ሰብሳቢው "ይኸው፣ በገዛ አፉ ተናገረ" አለና ከጨዋታው አስወጣው። የኢታንጎቹ መምህር በንዴት ወደ ባሌ ጣቱን ቀሰረ፦ "እሱንስ? እሱንም ጠይቁታ!"

ባሌ ወደ ፊት ወጣ። ትከሻውን ሰበሰበ፣ አንገቱን ትንሽ ሰበረ። ይህ ሰው ጓደኞቹን በእጁ የቀበረ ሰው ነው።

"ልጅ ነህ?"

"አዎ፣ ልጅ ነኝ" አለ። ድምፁን እንኳ አቅጥኖታል።

"የሚያውቅህ ሰው አለ?"

የስፖርት መምህሩ ወደ እኔ አመለከተ። "እህቱ እዚያ አሉ፤ መምህርት ናቸው።" ሰው ሁሉ ዞረ። ተማሪዎቼም ዞሩ። ሰብሳቢው በአክብሮት ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ብሎ፣ "መምህርት፣ ወንድምዎ ነው?" አለኝ። ልጃችን ጀርባዬ ላይ ነው፤ አባቱን አይቶ በእግሩ ወገቤን ይደበድባል። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ።

ጨዋታው ተጀመረ። ያቺ እናት ጥላ ፈልጋ መጣችና አጠገቤ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ልጇም መጥቶ ከእሷ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለ። እንደ ትልቅ ሰው ኮስተር ብሎ ለመቀመጥ ሞከረ፤ ኳሱ ወደ ጓደኞቹ ሲደርስ ግን ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ሣሩን ይነጫል። ሕፃኑን ከጀርባዬ አውርጄ ነበርና ወደ እሱ ዳኸ። ልጁ አነሳው፣ አፉን አጣሞ አሳቀው። ሕፃኑ በጣቱ እነዚያን መስመሮች ይነካካል። ጠባሳው ገና አዲስ ስለሆነ ሳያመው አይቀርም፣ ግን ግንባሩን አላሸሸም።

ሴትዮዋ አማርኛዋ ትንሽ ነው። ሕፃኑን አየችና፣ "አባት የት አለ?" አለችኝ።

ሰብሳቢው ከኋላችን ተቀምጧል፤ ቢስል ይሰማኛል። ባሌ ደግሞ ፊት ለፊቴ ይሮጣል፤ ላቡ፣ አሯሯጡ፣ ያ ጠመም ያለ እግሩ ሁሉ ይታየኛል።

"የለም" አልኳት።

ምላሷን ቀጭ አደረገችና ጠጋ አለችኝ። "ጦርነት?"

በዚያን ጊዜ አባት የለም ያለች ሴት ሁሉ መልሷ ጦርነት ነበር። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ጦርነቱ የመለሰልኝን ሰው መልሼ ለጦርነቱ ሰጠሁት። ሴትዮዋ እጄን ያዘች፤ መዳፏ ሻካራ ነው፣ ይሞቃል። ጨዋታው እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም። ልጇን አሁን እኛ ከሜዳ እንዳስወጣነው ታውቃለች፣ ግን እጄን ይዛለች። እጄን ለማውጣት ድፍረት አጣሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ኢታንጎቹ ያለ እሱም በደንብ ተጫወቱ። ባሌ አንዴ ወድቆ ሲያነክስ የእነሱ ተከላካይ እጁን ይዞ አነሳው፣ አቧራውንም አራገፈለት። ወደ መጨረሻው ላይ ባሌ ከመሀል ተነስቶ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አልፎ አገባ። ቆንጆ ጎል ነበረች። የምናደደው በዚህ ነው፤ እንደዚያ መጫወት የሚችል ሰው መዋሸት ለምን አስፈለገው? ከእኩዮቹ ጋር ቢጫወትም ያገባት ነበር። ፊሽካ ተነፋ። የስፖርት መምህሩ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሰብሳቢው ባሌን ጠርቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገና ለክልሉ ቡድን መመረጡን እዚያው ነገረው።

ባሌ ዋንጫውን አንጠልጥሎ ወደ እኔ ሮጠ፤ ሰብሳቢውና ሁለት የኮሚቴ ሰዎች እየሳቁ ተከተሉት። ረጅሙ ልጅ ከተቀመጠበት ተነስቶ ጨበጠው፤ ሕፃኑ ገና ክንዱ ላይ ነበር። እናትየውም ተነሳች። ሕፃኑን ከልጇ ተቀብላ ልትመርቀው ራሱ ላይ እፍ እፍ አለችበትና ባሌ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው። ሕፃኑ ያባቱን አንገት ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ከዚያ በቋንቋዋ ቀስ ብላ፣ ረዘም አድርጋ ተናገረች፤ ልጇ እየተከተለ ወደ አማርኛ መለሰው።

"እናቴ እንዲህ ትላለች። የዚህ ሕፃን አባት በጦርነት ሞቷል ትላለች። የእናት ወንድም አባት ነው ትላለች። አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ታውቃለች። ግን ከዛሬ ጀምሮ ልጅነት ይብቃህ። እሱን አሳድግ ትላለች።"

ባሌ እኔን አየኝ። እውነቱን ለማውጣት አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ለእኔም ያው አንድ ቃል ነበር። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል። ልጁ መልሱን ለእናቱ ለመንገር ይጠብቃል። ተማሪዎቼ በእግራችን ሥር ተኮልኩለው አንዴ እኔን፣ አንዴ ባሌን ያያሉ።

"እሺ እናቴ" አለ ባሌ፣ ሕፃኑን ታቅፎ። "አሳድገዋለሁ።"

ሰብሳቢው ልቡ ተነክቶ አጨበጨበ። ተማሪዎቼ ግን በዚህኛው አላጨበጨቡም፤ እኔን እኔን ያዩ ነበር።