ለክሊኒኩ ወለል የተቃጠለው ገለባ

ከአሰላ ተመልሼ ከሮቤ ማዶ ያለችውን የምሠራባትን መንደር ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ሳያት ከአፌ የወጣው «የት ሄደ?» የሚል ብቻ ነበር። የቆየሁት አንድ ሳምንት ነው። ስሄድ በየጓሮው ከቤቱ የሚበልጥ የገብስ ገለባ ክምር ነበር። አሁን በየክምሩ ቦታ የቀረው የተቃጠለ ጥቁር መሬት ነው። ክው አልኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ግን ገና አልገባኝም።

ዘመኑ የመንደር ምሥረታ ዘመን ነው። እኔ የአሰላ ከተማ ልጅ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣሁ የግንባታ ባለሙያ ነኝ ባይ፣ የአዲሱን መንደር ክሊኒክ እንዳሠራ ተልኬ ነበር። ቦታው ኮቲቻ የሚሉት ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሲሚንቶ የሚባል ነገር በዓይናችን አላየንም። ሁለት ጊዜ ወለል ደለደልኩ፤ ሁለቴም ተሰነጠቀብኝ።

ያረፍኩት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ቤት ነበር። ከመንደር ምሥረታው በፊት እዚያው ኮቲቻ ላይ የተሠራው የቤታቸው ወለል ግን አንድም ስንጥቅ የለበትም። ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። ለካ የገለባ አመድ ከአፈሩ ጋር እየለወሱ፣ በየዓመቱ እየጨመሩ ሲጠቀጥቁት ኖረዋል።

«ይህን ሁሉ ተምረህ ይሄን አታውቅም?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ጓሯቸው ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሬ ሞከርኩት፤ ስድስት አካፋ አፈር፣ አንድ አካፋ አመድ፣ ውኃ፣ ከዚያ መጠቅጠቅ ነው። ሲደርቅ ውኃ ባፈስበትም አላበጠም። እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

ወዲያው ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጻፍኩ። «ለክሊኒኩ ወለል ብዙ አመድ ስለሚያስፈልግ በየቤቱ ያለው ትርፍ ገለባ ተቃጥሎ ይዘጋጅ።» ፈርሜበት ለሪፖርት ወደ አሰላ ሄድኩ። ትርፍ! እኔ ደንቆሮው ገለባን የማውቀው በኢተያ መንገድ ዳር ኮምባይነር ትቶት ሲቃጠል ነው። አሮጊቷ ጠዋት ጠዋት የሚሰጡኝ ወተት ከየት እንደሚመጣ አላሰብኩም። ያለቻቸው አንዲት ላም ናት። ክምሩን እያሳዩ «ላሜን እስከ ዝናቡ የሚያደርስልኝ ይሄ ነው» ብለውኛል። በጆሮዬ ሰምቼ፣ ያንኑ ሳምንት ያን ወረቀት ጻፍኩ።

ሊቀመንበሩ ፊቱ በርቶ ተቀበለኝ።

«ጓድ፣ ኮታው ሞልቷል!»

«የምን ኮታ?»

«በአባወራ አምስት ጆንያ አመድ። አንድም የጎደለ የለም።»

አንድ ጆንያ አመድ ስንት ገለባ እንደሚፈጅ ያሰበ ሰው የለም፤ እኔም ብሆን አላሰብኩም። ክምር ሙሉ ተቃጥሎ አምስት ጆንያ ቢሞላ ነው።

«እኔ እኮ ትርፉን ነው ያልኩት!» ጮኽኩ።

«የመንግሥት ሥራ ሲመጣ ትርፍ ያልሆነ ምን አለ?»

የሚያሾፍ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም።

ወደ አሮጊቷ ቤት ሄድኩ። ላሟ የተቃጠለውን ቦታ እያሸተተች ቆማለች።

«እማማ፣ እርስዎ እንኳ ለምን ዝም አሉ?»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የጻፈው አንተ ነህ አሉኝ። ላሜን ታውቃታለህ። ሌላ መኖ ሊያመጣልኝ አስቦ ነው ብዬ ራሴ ለኮስኩት።»

ተገደው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አምነውኝ ነው። ያን ቀን የደነገጥኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ ደንግጬ አላውቅም።

ገለባ ፍለጋ አጎራባች መንደሮችን ሁሉ በእግሬ ዞርኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ ሰዉ ሲያየኝ ክምሩን በሣር ይሸፍናል። በለመንኩት ሁለት ሸክም ላሟ ጥቂት ቀን ቆየች። ዝናቡ ሊጥል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሞተች።

ክሊኒኩ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተመረቀ። ወለሉ አላበጠም፣ አልተሰነጠቀም። ከአውራጃ የመጡት አለቆች በጫማቸው እየረገጡ አደነቁኝ፤ አስጨበጨቡልኝም። ሰዉ ሲበተን አሮጊቷ ገቡ። ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ጠንክሯል እማማ፤ የእርስዎ ሙያ ነው» አልኳቸው።

«የላሜ ቀለብ ነው» አሉኝ። «ቢሰነጠቅ ነበር የሚገርመኝ።»