ወደ ግራ የታሰረች ነዶ

ኮኪት አጠገብ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ከኩመር ዛፍ ሥር፣ ሰው ሁሉ «ጻድቁ አባታችን» የሚላቸው ባሕታዊ ተቀብረዋል። ያረፉት እኛ ወደ ቆላ ከመውረዳችን በፊት ነው። ዓምና የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች ለበዓላቸው የሚነበብ ታሪክ «አንቺ ጻፊልን» ብለው ለመኑኝ። አስተማሪ ነኝ፣ ጽሑፍ አይከብደኝም። ግን አስቀድሜ ነገርኋቸው፤ ያየ ሰው ያልመሰከረውን አልጽፍም። ፊታቸው ቢጠቁርም ግድ አልሰጠኝም።

የሚወራው ብዙ ነው። ሴት ሳያውቁ በድንግልና ኖሩ ይባላል፤ ዘንዶ ይታዘዛቸው ነበር ይባላል። ከሁሉ የሚገነው ግን የነዶው ነው። የሰሊጥ አጫጆች በወባ ሲወድቁ፣ በጻድቁ ጸሎት መልአክ ወርዶ ነዷቸውን ያስርላቸው ነበር አሉ። ማሰሪያው ወደ ግራ የዞረ ስለሆነ የሰው እጅ አይደለም ይላሉ። እስከ ዛሬም የአካባቢው ገበሬ የመጀመሪያዋን ነዶ ለበረከት ወደ ግራ ጠምዝዞ ነው የሚያስራት።

እናቴ የጻድቁ ነገር አይሆንላትም። አባቴ እኔ ልጅ ሳለሁ ከዳባት ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በዚያው ቀረ። ሞተ ብላ ተዝካር አላወጣች፣ አለ ብላ አልተጽናናች። አስተማሪ ሆኜ እዚሁ ቆላ ሸሕዲ ስመደብ ተከትላኝ የወረደችው እሱን ፍለጋ ነው። በየዓመቱ የጻድቁ መቃብር ላይ ተደፍታ «ባሌን መልስልኝ» እያለች ትሳላለች።

ጻድቁን በዓይናቸው ያዩ አንድ ሽማግሌ አሉ ሲሉኝ ማሳቸው ድረስ ሄድሁ። አጨዳ ላይ ነበሩ። የነዶውን ነገር አሳዩኝ አልኋቸው። በቀኝ እጃቸው ወደ ግራ ለማሰር ሲታገሉ ትዕግሥቴ አለቀና ተቀብዬ በግራ እጄ ጥምዝዝ አድርጌ አሰርሁላቸው። ሳቄ መጣ። መልአክም ምንም አልወረደ፣ ጻድቁ ራሳቸው ግራ እጃቸው የሚቀናቸው ሰው ነበሩ አልኋቸው።

ሽማግሌው አልሳቁም። እጄን አዩና አማተቡ። ከዚያ ለማንም ያልተናገሩትን አወጡት። ጻድቁ የመጡት እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ ከአጫጆች ጋር ነው። ወባ ሲጥላቸው ጓደኞቻቸው ጥለዋቸው ሄዱ፤ እኒህ ሽማግሌ ኩመሩ ሥር አስታመሟቸው። ከዳንሁ ከዚህ ንቅንቅ ሳልል በሽተኛ ሳስታምም እኖራለሁ ብለው ተስለው ቀሩ። የወደቁትን አጫጆች ነዶ የሚያስሩላቸውም እሳቸው ነበሩ። እኔ ደስ ብሎኛል፤ በመጨረሻ የሚጻፍ እውነት አገኘሁ።

«ትኩሳቱ ሲያቃዣቸው ግን» አሉ ሽማግሌው፣ «‹አባባ፣ ግራ እጇን አይምቷት፤ በእኔ ወጥታ ነው› ይሉ ነበር። ጻድቅ ልጅ ነበረው ተብሎ ይወራል እንዴ፣ ልጄ? ደብቄው ኖርሁ።»

ክው አልሁ። በግራ እጄ በበላሁ ቁጥር አያቴ በልምጭ ይመቱኝ ነበር፤ መሀል ገብቶ በዚሁ ቃል የሚለምንልኝ አባቴ ነበር። የጻድቁ አገር የት ነው አልኋቸው። ዳባት አሉኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም፣ ንዴት ነው። የማንንም መንገደኛ እያስታመመ የገዛ ልጁን ምነው ረሳ!

ቤት ስገባ እናቴ ለበዓሉ የምትወስደውን ጧፍ እየጠቀለለች ነበር። እንዴት ብዬ እንደነገርኋት አላውቅም፣ ብቻ ነገርኋት። ጧፉ ከእጇ ወደቀ።

«ባሌን መልስልኝ ስለው» አለች፣ «እሱው ራሱ ነው ሲሰማኝ የኖረው?»

ጎንበስ ብላ ጧፉን አነሳች፣ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ታሪኩን ምን ብዬ ልጽፈው እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንጃ አልኋት።

«ሚስት ነበረችው ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። «መቃብሩ ላይ ቆማ ትፈልገው ነበር በይ።»