ለቀይዋ መኪና ዳዶ የመረጠው ሰው

ተክለማርያም ገብረ ሥላሴ ጎባ ተወልዶ ጎባ ያረጀ ሰው ነው። አባቱ ባሻ ገብረ ሥላሴ ከመንዝ ተነሥተው፣ ባሌን ሊያቀና ከዘመተው ጦር ጋር መጡና አገሩ ሲረጋ ጠመንጃቸውን ምሰሶ ላይ ሰቅለው እዚያው ቀሩ። የተሰጣቸው መሬት ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱም በገዛ መሬቱ ላይ ገባር ሆነላቸው። ባሻ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ አይልም ነበር። ልጃቸው ግን ከገባሩ ልጆች ጋር በኦሮምኛ እየተጫወተ ስላደገ፣ ወሬው ሲነሣ ከቤት ይወጣ ነበር። ያስገበረ ተራው ሲደርስ እንደሚገብር ያን ጊዜ ማን አሰበ! ባሻ በሞቱ በጥቂት ዓመት ጣልያን ገባ፤ የአቅኚው ልጅም የአባቱን ጠመንጃ አስረክቦ ለሌላ ጌታ አደረ።

እጁ ለብረት የተፈጠረ ነበር። የአባቱ ጓደኞች የጠመንጃቸው ምላጭ ሲላላ ወደሱ ያመጡት ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ደግሞ «የባሻ ልጅ ቀጥቃጭ ሆነልሽ በሉኝ!» እያሉ ይቆጡ ነበር። ጣልያኖቹ ይህን ሙያውን ሰምተው ጎባ በሠሩት ካምፕ ውስጥ መኪና ጠጋኝ አደረጉት። ጎማ መፍታት፣ ፍሬን ማጥበቅ፣ እያንዳንዱን ብረት እነሱ በሚጠሩት ስም መጥራት ለመደ። መብላት ነበረበትና ሠራ።

ታናሽ ወንድሙ በየነ ግን እንቢ ብሎ ሐረና ጫካ ገባ። ያኔ ሮቤ ገና ከተማ አትባልም፤ ረቡዕ ረቡዕ ገበያ የሚቆምባት ሜዳ ነበረች። በየነ አንድ ረቡዕ በገብስ ስልቻ ውስጥ ጥይት ደብቆ ሲያልፍ ተያዘ። የካምፑ አለቃ የነበረው ካፒቴን ገበያው መካከል ካለው ጥድ ላይ ሰቀለው፤ ገበያተኛው ሸምቶ እስኪበተን ድረስም እንዳይወርድ ከለከለ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም አላለቀሱም። ማቅ ለበሱና ደሙ ሳይመለስ አላወልቅም አሉ። ተክለማርያም በማግሥቱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቢቀር እሱም ይሰቀል ነበር። የመጀመሪያው ትእዛዝም የካፒቴኑን መኪና እጠብ የሚል ሆነ።

መኪናይቱ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ጣራ የሌላት የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። አርጅታለች፤ ካፒቴኑ ግን እርጅናዋን ይወድላት ነበር። በወጣትነቱ በአገሩ ተወዳድሮባታል ይባላል፤ ከሞቃዲሾ ድረስ በትልቅ መኪና አስጭኖ ነው ያመጣት። እሑድ እሑድ አጋዘን ሊያድን ወደ ዲንሾ ይወጣባት ነበር። ሁለት ወንበር ብቻ ነበራት። አንዱ የሱ ነው፤ ሁለተኛው የፀሐይ።

ፀሐይ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ፈለቀች ልጅ ናት። ወታደሮች መጥተው ከእናቷ ጓዳ አውጥተው ለካፒቴኑ ወሰዷት፤ እናቷም ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆዩም፣ በኀዘን አረፉ። በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ክርስትና ያነሷት ወይዘሮ ወለተ ማርያም ናቸው። እንግዲህ ለተክለማርያም እኅቱ ናት ማለት ነው፤ በአገራችን የክርስትና ዝምድና ከሥጋ ዝምድና አያንስም፤ አይጋቡበትም፣ አይካካዱበትም። የጎባ ሰው ግን ይህን ሁሉ ረስቶ «የነጭ ውሽማ» አላት። የወሰዷትን ሰዎች ሲያይ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ሁሉ እሷን ሲያይ ምራቁን ይተፋ ነበር። ከእንዲህ ያለው ጀግንነት ይሰውራችሁ!

አንድ ቀን ካፒቴኑ ተክለማርያምን ጠርቶ የመኪናይቱ ዳዶዎች ማለቃቸውን ነገረው። ዳዶ ማለት ብሎኑ ላይ እየተሽከረከረ ገብቶ ጎማውን ከመኪናው ጋር ጠፍሮ የሚይዘው ብረት ነው። የፊት ጎማዎቹ ዳዶዎች ጥርሳቸው ተበልቷል። አዲስ ከአገሩ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ፣ ከተሰባበሩ መኪናዎች ተለቅመው በቆርቆሮ ሣጥን ከተቀመጡት ውስጥ የሚሆነውን መርጦ ለእሑድ እንዲያደርስ አዘዘው።

ቤት ሲገባ እንግዳ አገኘ። ብዙነህ የበየነ የጫካ ጓደኛ ነው፤ የሪራ ማር በአህያ ጭኖ፣ ነጋዴ መስሎ ከተማ ይገባ ነበር።

«አከም ጅርታ፣ ተክሌ!» አለው በኦሮምኛ ሰላምታ ጮክ ብሎ፣ በአጥሩ ጥግ የሚያልፍ ሰው ቢኖር እንዳይጠረጥር። በሩ ሲዘጋ ድምፁን ቀነሰ። «ያ ሰው ለእሑድ ይወጣል?»

«ይወጣል» አለ ተክለማርያም፤ የታዘዘውንም ነገራቸው።

እናቱ ቀና አሉ። «ከሣጥኑ ውስጥ የማይሆንም አለበት?»

መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም። «ሁለት ዓይነት አለ፣ እምዬ። የዚያች መኪና ቸርኬ፣ ጎማው የተገጠመበት ብረት ማለቴ ነው፣ ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያው ጎድጎድ ያለ ነው። ጫፉ ሾጠጥ ያለ ዳዶ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ጠፍጣፋው የጭነት መኪና ነው። ጥርሳቸው አንድ ስለሆነ እሱም ይገባል፤ ይጠብቃልም። ላየው ሰው የተበላሸ ነገር የለም። ግን የሚነካው ጠርዙን ብቻ ነው። ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ ቀስ በቀስ ይላላል።»

«ሲላላስ?»

«ጎማው ይወጣል። ከዲንሾ ሲወርድ ከወጣ ገደል ነው።»

ብዙነህ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ እግዜር በእጅህ ሰጥቶሃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«ፀሐይስ?» አለ ተክለማርያም።

ብዙነህ መሬት መሬት እያየ «እሷ ከሞተች ቆየች» አለ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሕፃኗን ከካህኑ እጅ የተቀበሉባቸውን እጆች ጭናቸው ላይ አጣጠፉ።

«እኔ የክርስትና ልጅ የለኝም» አሉ በመጨረሻ። «በየነ ግን ነበረኝ።»

ቅዳሜ ጧት ተክለማርያም ሣጥኑን ጆንያ ላይ ገልብጦ ይለይ ጀመር። ጠፍጣፋው ብዙ ነው፤ ሾጣጣው ጥቂት፣ ከጥቂቱም ጥርሱ የደከመ አለበት። አንዱን አንሥቶ በጋዝ ያጥባል፤ ብሎኑ ላይ በጣቱ ያዞረዋል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። በልቡ የነበረውን እኔ ልንገራችሁ። ወንድሙን ይወድ ነበር። በልጅነታቸው በየነን አዝሎ የቶጎናን ወንዝ የሚያሻግረው እሱ ነው። ያን ሰው መግደል አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ጠፍጣፋዎቹን አነሣና የግራውን የፊት ጎማ አሰረባቸው። ካፒቴኑ ሲጋራውን እንደነከሰ መጣና ጎማውን በጫማው ገፋው፤ ጎማው ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሎት ሄደ።

ተክለማርያም ቀና ያለው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ በረንዳው ላይ ቆማለች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ትኩር ብላ ታያለች፤ እሱንም፣ እጁ ላይ ያለውን ብረትም። ካምፑ ከገባች ጀምሮ ሰው ፊት ቀና ብላ አታውቅም። አሁን ግን ዓይኗን አልነቀለችም፤ ከንፈሯም ይንቀሳቀስ ነበር። አውቃብኛለች፣ አለ በልቡ። ነፍሴን ተውልኝ እያለች እየለመነችኝ ነው።

አልቻለም። ተንበርክኮ ጠፍጣፋዎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሣጥኑን እንደገና በርብሮ ከሾጣጣዎቹ ደህና ደህናውን ለቀመ፤ የጎደለውንም አንድ ጥግ ላይ ከቆመ ስብርባሪ መኪና ፈትቶ አሟላ። ሁሉንም በየጎድጓዳቸው አስቀምጦ፣ እጁ እስኪዝል አጠበቀ። ሲጨርስ በረንዳው ባዶ ነበር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ምን ብሎ እንደሚጸልይ ጠፋው። መኪናይቱ በደህና እንድትመለስ መጸለይ ለወንድሙ ገዳይ ዕድሜ መለመን ነው፤ እንዳትመለስ መጸለይ ደግሞ የፀሐይን ሞት መለመን ነው። ሳይጸልይ ቅዳሴው አለቀ። በሠርክ መኪናይቱ ከኋላዋ የአጋዘን ቀንድ ታስሮባት በደህና ገባች።

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸውን አላናገሩትም። አንድ ጣራ ሥር እያደሩ «ለዚያ ሰውዬ ራቱን ስጡት» ይሉ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ብዙነህ ተያዘ፤ ያው ካፒቴን በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ጥድ ላይ ሰቀለው። ተክለማርያም ሄዶ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ አየ። ገመዱን የቋጠርሁት እኔ ነኝ አለ ለራሱ። ሐሰት ነው ልለው እፈልግ ነበር፤ ግን ካፒቴኑን በሕይወት ያቆየው እሱ መሆኑን መካድ አልችልም።

ጣልያን ሲወጣ ካፒቴኑ ወደ ደቡብ ሸሽቶ አመለጠ። ቀይዋ መኪና ካምፑ ውስጥ ቀርታ ዶሮ ሰፈረባት። ወይዘሮ ወለተ ማርያምም በሆዳቸው ይዘው የከረሙትን፣ በዚያ ቤት የተባባሉትን ሁሉ ለጎረቤት አወጡት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የወንድሙን ገዳይ እጁ ውስጥ አግኝቶ ለቀቀው ተብሎ ከጎባ እስከ ብድሬ ተወራ። «ባንዳ» አሉት። ለቅሶ ቤት ሲገባ ቦታ የሚለቅለት ጠፋ። እኔ ለፀሐይ ብዬ ነው ቢል ድንጋዩ ሁሉ ወደሷ እንደሚዞር ያውቃል፤ ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ዝም አይነቅዝም።

ፀሐይ ከካፒቴኑ የወለደቻትን ሴት ልጅ ይዛ ሮቤ ወርዳ፣ ልብስ እየሰፋች ትኖር ነበር። ገበያ ላይ ሲተላለፉ አንገቷን ትሰብራለች። ውለታው ከብዷት ነው ይላል ተክለማርያም በልቡ፤ አይፈርድባትም። አንዲት ነፍስ አድኛለሁ የሚለው ሐሳብ ብቻ ነበር በዚያ ሁሉ ስድብ መካከል ያቆመው።

እናቱ ታመው ሞቱ። ይቅር ብለውት ሞቱ ብል ደስ ባለኝ፤ አላሉትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሄዱ።

በአርባቸው ዕለት፣ ተዝካሩን የበላው ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ፀሐይ ልጇን አስከትላ መጣች። ልጅቷ ደጅ ቀረች። ተክለማርያም በርጩማ አቀረበላትና ተቀመጠች።

«ወንድምዓለም፣ ሰው የሚያወራውን ሰማሁ» አለች። «ለኔ ብለህ እንደተውኸው ገባኝ።»

«ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ዕለት በረንዳው ላይ ቆመሽ ስትለምኚኝ አየሁሽ» አለ ተክለማርያም። «እንዴት ብዬ እንቢ ልበልሽ?»

ፀሐይ ቀና ብላ አየችው። የምትናገረው እንደሚጎዳው አውቃ የራራችለት ይመስለኛል። ግን ለመናገር ነበር የመጣችው።

«የምለምነው አንተን አልነበረም» አለች። «ማርያምን ነበር። ጎማውን ስትነካ ሳይህ፣ የበየነ ወንድም ዛሬ እጁን አያጥፍብኝ፣ ጎማው ይውለቅልኝ፣ ከሱ ጋር ልሙት ብዬ ስለት እየተሳልሁ ነበር። እሑድ በየመታጠፊያው ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። ስንሄድ ጠበቅሁ፤ ስንመለስ ጠበቅሁ። መኪናው ካምፑ በር ላይ ሲቆም ማንን እንደረገምሁ ታውቃለህ? እሱን አይደለም።»

ተክለማርያም በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ብዙነህ ሞታለች አለ። የክርስትና እናቴ ልጅ የለኝም አሉ። አንተ ደግሞ ትኑር አልህ» አለች ፀሐይ። «አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

«አሁን ብጠይቅሽስ?» አለ ተክለማርያም።

ከደጅ የልጅቷ ሳቅ ይሰማ ነበር። ፀሐይ ወደዚያ ዞር ብላ አዳመጠች።

«አሁንማ እሷ አለች፤ ስለ አሁኑ አትጠይቀኝ» አለች። «ያን ዕለት ግን አንድ ጊዜ ጠጋ ብለህ ጠይቀኸኝ ቢሆን፣ ጠፍጣፋውን እሰርልኝ ነበር የምልህ።»